ሉሕና ሰሌዳ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ። ከቀሩት መካከል ሻል ያለ ውጤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት ትምህርታቸውን እንዲከልሱ ተደረገ። መንግሥት «የአቅም ማሻሻያ» ይለዋል፤ ልጆቹ ግን «ሪሚዲያል» ነው የሚሉት፣ ያውም አንገታቸውን ደፍተው። ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔ ሒሳብ አስተምራቸዋለሁ፤ አማካሪያቸውም ነኝ። በ2015 ዓ.ም. የቡሬ ገጠር ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ሻንጣውን ሸክፎ መጣ። አባቱ በርበሬ ሸጠው ነው ጫማና ልብስ የገዙለት።

«መምህር፣ ሳልባረር ልሂድ» አለኝ።

ልጅ ሳለህ የት ተማርህ ብዬ ጠየቅሁት። የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት እስኪደግም ተምሯል። እንዴት አጠናኸው? «ማታ ማታ በቃሌ፣ ለመሪጌታ እያሰማሁ።» ሳቄ መጣ። እኛም ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ ስንቀራ፣ ኡስታዛችን ሳይሰሙን ሉሓችንን ማጠብ አይፈቀድልንም ነበር። ከፍ ያለው ደረሳ ደግሞ የታናሹን ይሰማል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ አንዲት ነገር ብቻ፣ በአማርኛ፣ ሰሌዳ ላይ እንዲያስረዳኝ አደረግሁ። «ስሎፕ» የሚባለውን ለወራት ሲፈራው የኖረ ልጅ፣ «ዳገት ነው እንዴ? ይህን ያህል ስራመድ ይህን ያህል ከፍ አልሁ ማለት ነዋ!» አለኝ። ሒሳቡ አልነበረም የከበደው፣ እንግሊዝኛው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ምክር አገልግሎት የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ሻንጣው ከተሸከፈ በኋላ ነው።

ቀስ በቀስ አምስት ሆኑ። ከመካከላቸው አንዲት የቡሬ ከተማ ሙስሊም ልጅ ነበረች፤ ፈጠን ስለምትል የሌሎቹን የምትሰማው እሷ ሆነች። በዚያ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ስለ ነበር ጥናቱን ከኢፍጣር በኋላ አደረግነው። ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም የደከመ። ቴምሯን ለሁሉም ታካፍል ነበር፤ ቴምር መቼም የጾም ነው።

ሦስቱ አለፉ፤ አልሐምዱሊላህ። ሻንጣውን ሸክፎ የነበረው አንዱ ነው። ሁለቱ ግን አልሆነላቸውም። አንደኛው ቤቱ መደወል ስለ ፈራ እኔ ደወልሁ። አባቱ ጥቂት ዝም አሉና፣

«መምህር፣ ልጁ ደኅና ነው ወይ?» አሉኝ።

ደኅና መሆኑን ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ይምጣ። በቆሎው አረም በዝቶበታል።»