በወለሉ ንጣፍና በሸክላው ምድጃ መካከል

የቤትን ሥራ ጠንቅቆ የሚመለከት ሰው፥ ሁለት ሥራዎች የሚገናኙበትን ስፍራ አስቀድሞ ይመረምራል። ጣራው ከግድግዳው፥ በሩ ከመቃኑ፥ ወለሉም ከምድጃው በሚገናኝበት ቦታ የሠሪው ጥንቃቄ ወይም ቸልታ ይታያል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንነግራቸው ያሰብነው ስለ መጨረሻው ነው፤ ይኸውም በሴራሚክ ንጣፍና በሸክላ በተሠራ ምድጃ መካከል የሚቀረው ክፍተት በምን አኳኋን መጨረስ እንደሚገባው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፥ በሐምሌና በነሐሴ ብርዱ ይጠናል። ስለዚህ በቀድሞዎቹ ቤቶች ውስጥ ከግድግዳ ጋራ የተያያዘ፥ ጭስ ማውጫ ያለው የሸክላ ምድጃ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ አለው። የሠሩት ነፍሳቸውን ይማርና አባታችን ናቸው፤ ሙያቸው ግንበኝነት ስላልነበረ አንዱ ሸክላ ወጣ፥ ሌላው ገባ ብሎ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ያረጀውን የሳንቃ ወለል አስነሥተን፥ ሲሚንቶ አስፈስሰን ሴራሚክ ስናስነጥፍ፥ ቀጥ ያለው ንጣፍና ቀጥ ያላለው ግንብ ሳይገጥሙ ቀሩ። ክፍተቱ በአንዱ ወገን 4 ሚሊ ሜትር፥ በሌላው ወገን 30 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ምክር በየአቅጣጫው መጣ። ንጣፍ ሠራተኛው ወጣ ወጣ ያለውን ሸክላ በመሮ መትቶ ሊያስተካክለው ፈለገ። ታናሽ ወንድማችን ደግሞ የእንጨት ዘኮሎ ቸንክረን እንሸፍነው አለ። እናታችን ግን ከተቀመጡበት ሳይነሡ ሠራተኛውን ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይህን ምድጃ የሠሩት እጆች ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው። ያልተስተካከለ መሆኑን እኔም አርባ ዓመት ሙሉ አይቸዋለሁ፤ እባክህ አትንካብኝ» አሉት። እርሱም «እሺ እማማ» ብሎ መሮውን አስቀመጠ።

ነገሩን ስንመረምረው የእናታችን ቃል ከሙያም ጋራ የሚስማማ ሆኖ አገኘነው። ሸክላ በመሮ ሲመታ ጠንካራው ፊቱ ይሰበራል፤ የመጋጠሚያውም ጭቃ ይናጋል። ይህስ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። የወንድማችንም አሳብ ደግሞ የእሳትን ጠባይ የዘነጋ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ባወጣው 211ኛው ደንብ፥ በምድጃው አፍ ፊት ለፊት ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ በግራና በቀኝም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የማይቃጠል ወለል እንዲኖር ታዝዟል፤ የአፉ ስፋት ከግማሽ ካሬ ሜትር ጥቂት ሲበልጥ ልኩ ወደ 50ና ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እንግዲህ ፍም በሚወድቅበት ስፍራ እንጨት መቸንከር የሚገባ አይደለም።

ክፍተቱን ከመድፈናችን በፊት ግን ውስጡን አስጠረግን። አመድና አቧራው ሲወጣ ከሥሩ የአሮጌው ሳንቃ ጫፍ ተገኘ፤ ወለሉ ሲነሣ በምድጃው ሥር ተሰክቶ የቀረ ኖሯል። በእጃችን ብንይዘው አንዱ ጠርዙ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከዚያ ግድግዳ ማዶ የእናታችን መኝታ ነው። ለብዙ ዘመን ሙቀት የነካው እንጨት ቀስ በቀስ እየከሰለ ስለሚሔድ በቀላሉ የሚቀጣጠል ይሆናል። ያን ጫፍ ሳናወጣ ላዩን አሳምረን ብንደፍነው ኖሮ፥ አደጋውን ከዐይናችን ሰውረን ከቤታችን ጋራ ባኖርነው ነበር። ስለዚህ ለሁሉ የምንመክረው የመጀመሪያው ነገር፥ ማንም ክፍተት ከመደፈኑ በፊት እስከ ሥሩ ይታይ የሚል ነው።

ሁለተኛው ነገር፥ ክፍተቱን ሁሉ በሲሚንቶ ወይም በፉጋ መሙላት ለጊዜው ቢያምርም አይበረክትም። ምድጃው እሳት በነደደ ቁጥር ይሞቃል፥ ሲጠፋም ይቀዘቅዛል፤ በዚያው መጠን በጥቂቱ ይለጠጣል፥ ይሰበሰባልም። ወለሉ ደግሞ ይህን ያህል ሙቀት አያገኘውም። ሸክላ ከእቶን ከወጣ በኋላ እርጥበት እየጠጣ በጣም በጥቂቱ ያድጋል፤ ሲሚንቶ ግን ሲደርቅ ይኮማተራል። ሁለቱ ለየብቻቸው በሚንቀሳቀሱበት ስፍራ ግትር ነገር ቢገባ ይሰነጠቃል፤ ወይም የንጣፉን ጠርዝ ይሰብራል። በመካከላቸው የሚቀመጠው ነገር ሳብ ሲሉት የሚሳብ፥ ሲለቁት የሚመለስ መሆን አለበት።

እኛ የሠራነው እንዲህ ነው። በሰፊው ወገን ቀጭን የጥቁር ድንጋይ ጠርዝ ለማስገባት ቈረጥን። የግንቡን መልክ ለመያዝ ካርቶን ወለሉ ላይ ዘርግተን፥ እርሳስ ከትንሽ እንጨት ጋራ አስረን፥ እንጨቱን ሸክላውን እያስነካን ጐተትነው፤ እርሳሱም ወጣ ገባውን ሁሉ እንዳለ በካርቶኑ ላይ ጻፈው። ድንጋዩ በዚያ ልክ ተቈርጦ ሲቀመጥ፥ በእርሱና በሸክላው መካከል ከዳር እስከ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ያህል እኩል መሥመር ቀረ። ወደዚያም መሥመር በምድጃው አፍ አጠገብ ከማዕድን ክር የተሠራ ሙቀት የሚችል ገመድ ጠቅጥቀን፥ በላዩ ለከፍተኛ ሙቀት የተዘጋጀ ማሸጊያ አፈሰስን። ከእሳቱ ራቅ ባለው ወገን ግን ተራ ሲሊኮን በቂ ነው። ገመዱ የሚገባው ማሸጊያው ግራና ቀኙን ብቻ ይዞ ሥሩን እንዳይዝ ነው፤ በሦስት ወገን የተያዘ ማሸጊያ እንደ ልብ ሊለጠጥ ስለማይችል ይቀደዳል። ሲሊኮንም ሲገዛ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሚሸተው ይልቅ የማይሸተው ይመረጥ፤ የመጀመሪያው ከሲሚንቶ ጋራ በደኅና አይያያዝምና። ማሸጊያው በዕቃው ላይ የተጻፈለትን ጊዜ ሳይደርቅ እሳት አይነደድ፤ በመጀመሪያም ትንሽ እሳት ይበቃል።

ሥራው ሲያልቅ እናታችን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፥ «አሁን ተስማሙ» አሉ። አዲሱ ሥራ የአሮጌውን መልክ ተከትሎ ስለ ተቈረጠ፥ የአባታችን አሻራ አልጠፋም፤ ወለሉም ጉድለት አልታየበትም።

ምድጃ ያላችሁ ወገኖቻችን ሆይ፥ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጭስ ማውጫችሁን ስታስጠርጉ ይህንንም መጋጠሚያ ጐንበስ ብላችሁ እዩት። የተላቀቀ ማሸጊያ ቢገኝ ተነቅሎ ይታደስ፤ ከሥሩም እንጨት ቢታይ ይውጣ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ቃል፥ ለዚህ ለምድጃ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የተገባ ነው።