የገቢ ፎርም በኦክላንድ

በኦክላንድ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በነሐሴ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት ቴሌግራፍ ጎዳና ቡና እየጠጣን፣ አንዲት የሁለት ልጆች እናት ከቦርሳዋ ፎርም አውጥታ “እስቲ እይልኝ፣ ወንድሜ” አለችኝ። የቤተሰብ ብዛትና ገቢ ይጠይቃል። “ድሮ ለምሳ ነበር የምንሞላው። አሁን ምሳው ለሁሉም ነፃ ነው። ታዲያ ደሃ ነኝ ብዬ የምፈርመው ለምንድን ነው?”

እውነቷን ነው። ካሊፎርኒያ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ሁሉ በነፃ ትመግባለች። ፎርሙ የሚፈለገው ለሌላ ጉዳይ ነው። የያኔው ገዥ ጄሪ ብራውን በ2013 የፈረሙት ሕግ ለድሃ ቤተሰብ ልጅ፣ እንግሊዝኛ ገና ለሚማርና በአሳዳጊ እጅ ላለ ልጅ ከመደበኛው የነፍስ ወከፍ በጀት 20 በመቶ ይጨምራል። በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት እንዲህ ያሉት ተማሪዎች ከ55 በመቶ ከበለጡ ደግሞ ከዚያ በላይ ለሚቆጠረው ልጅ ሌላ 65 በመቶ ይታከላል። ድሃም እንግሊዝኛ ጀማሪም የሆነ ልጅ፣ የእኛ አዲስ መጤዎች ልጆች አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ናቸው፣ የሚቆጠረው አንዴ ብቻ ነው። በድህነቱ ብቻ የሚቆጠር ልጅ ደግሞ ፎርሙ ካልተሞላ ጭራሽ ሳይቆጠርም ሊቀር ይችላል።

ገንዘቡ ትምህርት ይሆናል ወይ? ይህንኑ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። እዚያ የሚያስተምረው ራከር ጆንሰን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2016 ባሳተመው ጥናት፣ በ1955 እና በ1985 መካከል የተወለዱ አሜሪካውያንን ሕይወት እስከ ጉልምስና ተከታትሏል። ለ12ቱም የትምህርት ዓመታት በጀቱ 10 በመቶ የጨመረለት የድሃ ልጅ ግማሽ ዓመት ያህል የበለጠ ተምሯል፤ አድጎም ደመወዙ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። እዚህ ላይ የእኔን ልብ የያዘው “12ቱም” የሚለው ነው። የአንድ ዓመት ችሮታ አይደለም፤ ፍሬውም የሚታየው ልጁ ደመወዝተኛ ሲሆን ነው። የሚቀጥለውን ፈተና ውጤት ለሚጠብቅ ፖለቲከኛ ይህ አይመቸውም።

ደግሞ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። የካሊፎርኒያ ኦዲተር በ2019 ኦክላንድን ጨምሮ ሦስት ዲስትሪክቶችን መርምሮ፣ ለእነዚህ ልጆች የመጣው ገንዘብ በዓመቱ ካልወጣ በቀጣዩ ዓመት ለፈለጉት ሥራ ሊውል እንደሚችል አጋለጠ። ቀዳዳው በ2021 በሕግ ተደፈነ። ወላጅም ድምፅ አለው፤ ዲስትሪክቱ የገንዘቡን ዕቅድ ከማጽደቁ በፊት ወላጆችን በስብሰባ መስማት ግዴታው ነው። ስብሰባው ብዙ ጊዜ ማታ ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ወይ መኪና እየነዳ ነው፣ ወይ የሌሊት ፈረቃ ሊገባ ነው።