የእናት ወገን ሲቆጠር

እስቲ ለአንድ አፍታ የያዛችሁትን ሥራ አቁሙና የእናታችሁን እናት፣ የእርሷንም እናት በስም ጥሩ። በአባት በኩል ነገሩ ቀላል ነው፤ የልጅ ስም ከአባት፣ የአባት ከአያት እየተቀጠለ ስለሚሄድ አምስትና ስድስት ትውልድ ሳንደናቀፍ እንቆጥራለን። በእናት በኩል ግን ብዙዎቻችን ሦስተኛዋ ሴት ላይ ስንደርስ ዝም እንላለን።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት የሞጣ ሰዎች ሴት ልጄን ለልጃቸው ጠየቁን። እኛ የቢቸና ሰዎች ነን፤ ይሁን እንጂ የእናቴ እናት ከሞጣ ተድራ የመጣች መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። በአገራችን ደንብ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም። ሽማግሌዎቹ የአባትን ወገን ቆጥረው በአንድ ጠዋት ጨረሱ። የእናቴ ወገን ላይ ሲደርሱ «ይህን አንቺው አጣርተሽ ንገሪን» ብለው ለእኔ ተዉት። ልጆቹ ከተዋደዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የእኔ ልጅ በዚያ ሰሞን እህል አልበላ ብሏት ሰነበተች።

በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቀበሌ ነው። የክብር መዝገብ ሹሙ ትሑት ወጣት ነው፤ «እናቴ፣ የእኛ መዝገብ የሚጀምረው ከ2008 ዓ.ም. ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ በሰፊው ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት የልደት የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 56 ዓመት አለፈ። የእኔም ልደት፣ የልጄም ልደት በዚያ መካከል ወደቀ።

ታዲያ የእናቶቻችንን አነጋገር አንናቅ። እናቴ ስለ እኔ ስትናገር «በዘመነ ዮሐንስ፣ የሞጣና የቢቸና ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ በተነሣበት ዓመት፣ የግንቦት ልደታ ዋዜማ ተወለድሽ፤ ክርስትና የተነሣሽው ለሐምሌ ገብርኤል ነው» ትል ነበር። ገበሬው የተነሣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በ1960 ላይ 5500 ደምራችሁ ለአራት ብታካፍሉት ቀሪ አይኖረውም፤ ይህም ዘመነ ዮሐንስ ማለት ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ ከሚያዝያ 30 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ ሰማንያኛው ቀን ሐምሌ 19 ላይ ይውላል፤ ገብርኤል። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ በአንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም።

ቀኑ ተገኘ እንበል፤ ዘመድ ግን በቀን አይገኝም። ስለዚህ በደብረ ወርቅ በኩል አድርጌ ሞጣ ወጣሁ። እዚያ ሰማንያ ዘመን ያለፋቸው፣ ከአያቴ ወገን የሆኑ አንድ አባት አሉ። በወጣትነታቸው ርስት ተከራክረዋል። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ ባለጉዳዩ ከአቅኚው አባት ጀምሮ መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። «ልጄ፣ መሬቱ በሴቲቱ በኩል ከሆነ የመጣው ሴቲቱን ሳትጠሪ እንዴት ትረቻለሽ?» አሉኝ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ይህ ቆጠራም ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህ ለልጅ ያስተማረው የለም። ቆጠራውን ለሙግት ብለው ያጠኑት ሰዎች ዛሬ በጣም ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም እንደ እኒህ አባት አርጅተዋል።

(ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። የእርሳቸውን ስም ታሪክ ይዞታል። የእኔን ቅድመ አያቶች ስም ያቆየው ግን የመሬት ሙግት ነው!)

እኒህ አባት ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። እኔ በደብተር ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስምንተኛው ላይ አንዲት ሴት ተገኘች፤ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ አንደኛዋ የእኛ፣ ሁለተኛዋ የእነርሱ ናት። ሽማግሌዎቹ ይህን ሰምተው «ሰባቱን አልፏል» አሉ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

እናንት ወላጆች፣ ዛሬ የተወለደ ልጅ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል። በመዝገቡ ላይ የአባት ብቻ ሳይሆን የእናት ሙሉ ስምም ይጻፋል። ይህ ለእኛ አገር ሴት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የእናት ሙሉ ስም ማለት የእርሷ ስም ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ነው፤ የእናቷ ስም ከዚያ ውስጥ የለም። እርሱን ራሳችሁ ጻፉት፤ የመጣችበትን አጥቢያ፣ የክርስትና ስሟንና የተዳረችበትን ዘመንም ጨምሩበት።

የእኔን ደብተር የልጁ እናት ልገልብጠው ብለው ወስደውት ነበር። በሳምንቱ ሲመልሱልኝ ከታች፣ በእርሳስ፣ በእነርሱ በኩል ያሉ የሁለት ሴቶች ስም ተጨምሮበት አገኘሁ።