ሁለት ቀን በኪቶ

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የኢኳዶርን ዋና ከተማ ኪቶን ለመጎብኘት ብታስቡ ሁለት ቀን ይበቃል። ከተማዋ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ለደጋ ሰው እንኳ የመጀመሪያው ቀን በዝግታ ቢያዝ ይመረጣል።

በስፔን ቅኝ ገዢዎች በ1534 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረው አሮጌው ከተማ፣ በ1978 ከላሊበላችን ጋር በዩኔስኮ የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። አብዛኛው በእግር ይዳረሳል።

በመጀመሪያው ቀን ላ ኮምፓኛ ቤተ ክርስቲያንን ተመልከቱ። በ1605 ተጀምሮ በ1765 የተፈጸመ ሲሆን ውስጡ በወርቅ ቅብ ያሸበረቀ ነው። ልጆቹ በወርቁ ሲደነቁ «ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በኪቶ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የአገሬው ተወላጆች ጉልበትና ጥበብ ፈሷል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው ስመ ጥሩ ቀራፂ ካስፒካራም ከእነርሱ አንዱ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ለነፃነት አደባባይ ስጡት። ነሐሴ 1809 በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሡት አርበኞች በዋዜማው ሌሊት የመከሩት በአንዲት ሴት በማኑኤላ ካኒሳሬስ ቤት ነበር። ወንዶቹ ሲያመነቱ ያደፋፈረቻቸው እርሷ እንደነበረች ይነገራል።

የወርቁን ድምቀት ብቻ አይቶ መመለስ የከተማዋን ግማሽ ታሪክ ትቶ መመለስ ነው። ልጆቻችን የሠራተኛውን እጅና የሴቲቱን ድፍረት ጭምር አይተው ይመለሱ።