ከለቅሶ በፊት ጥየቃ

እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን በብዙ ነገር ልንታማ እንችላለን፤ ለቅሶ በመድረስ ግን ማንም አያማንም። ሰው ሞተ ከተባለ የሥራ ፈቃድ ተለምኖ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በእጥፍ ዋጋ ተገዝቶ፣ ከአትላንታ ሲያትል፣ ከዋሽንግተን ሎስ አንጀለስ ይከነፋል። ሟቹ በቁሙ ሳለ "እስቲ ሄጄ ልየው" ብሎ ያንኑ ቲኬት የሚቆርጥ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ሰባት ለቅሶ ደርሰናል። ከሰባቱ ሟቾች አምስቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየናቸው በሌላ ሰው ለቅሶ ላይ ነበር። ይህን ሒሳብ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ አውጥታም ዝም አላለችም። "የቀሩትን በሕይወት ሳሉ ሳናያቸው አልቀመጥም" አለች።

እነሆ እ.ኤ.አ. በ2024 ሰኔ ወር፣ አገር ቤት ክረምቱ ሲገባ እዚህ ደግሞ ፀሐዩ ሲበረታ፣ አንድ አሮጌ አርቪ ገዝተን ከሜሪላንድ ተነሣን። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ በአንድ መኪና ላይ የተጫነበት ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። አንድ ወዳጄ ሲያየው "በስተርጅና እንደ ቀንድ አውጣ ቤታችሁን ተሸክማችሁ ልትዞሩ ነው?" ብሎ ስቆብናል።

በአውሮፕላን ለምን አልሄዳችሁም የሚል አይጠፋም። የዱሮ ወዳጆቻችን አብዛኞቹ ዛሬ የሚኖሩት ወይ ልጆቻቸው ዘንድ ነው፣ አለዚያም ለአረጋውያን በሚከራይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ሻንጣ ጎትተው ቢመጡባቸው አልጋቸውን ለቀው እነሱ መሬት ለመተኛት የሚሟገቱ ሰዎች ናቸው። አልጋችንን ይዘን ከሄድን ግን ቀን ቡናቸውን እንጠጣለን፣ ማታ ማንንም ሳናስቸግር ወደ ቤታችን እንገባለን።

ኢንተርስቴት 70 የተባለው አውራ ጎዳና ከባልቲሞር ተነሥቶ አሥር ክፍለ ግዛቶችን ያቋርጥና ዩታ ውስጥ ኮቭ ፎርት በምትባል ስፍራ ያበቃል። ባልቲሞር ላይ ከመነሻው አጠገብ የቆመው ምልክት ኮለምበስ 420፣ ሴንት ሉዊስ 845፣ ዴንቨር 1,700፣ ኮቭ ፎርት 2,200 ማይል ይላል። ባለቤቴ አነበበችውና "ይኼ እኮ የወዳጆቻችን ስም ዝርዝር ነው" አለች።

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ያገኘነው ወዳጃችን በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ አብሮኝ የተማረ ነው። በኬሚስትሪ የተመረቀው ሰው ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ሦስት ልጆቹን ለቁም ነገር አበቃ። ታሪኩ የብዙዎቻችን ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። ለለቅሶ የሚለብሰውን ጥቁር ሱፍ ግን ከሳሎኑ በር ጀርባ ሰቅሎት አየሁ። "ቁም ሣጥን ውስጥ ለምን አታስገባውም?" ብለው "በሳምንቱ ለማወጣው ምን ብዬ ልድከም" አለኝ።

ካንሳስ ሲቲ ላይ ባለቤቴ በነርስ ትምህርት ቤት ዘመኗ እንደ ታላቅ እኅት የምታያቸውን፣ ዛሬም "እትዬ" እያለች የምትጠራቸውን ሴት ጠየቅን። ባላቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለቀብሩ ከአምስት ክፍለ ግዛት ሰው መጥቶ፣ ወንበር ጠፍቶ፣ እንግዳው ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደነበር አጫወቱን። ከዚያም ቡናውን እየቀዱ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "ከሰልስቱ ወዲህ ከሩቅ አገር መጥቶ በዚህ ደጅ የገባ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ሰዉ ለካ የመጣው ለሟቹ ነው፤ እኔማ እዚሁ ነበርሁ" አሉ። ወቀሳውን ለአንባቢም አድርስልኝ እንዳሉኝ ቆጥሬ ሳልጨምር ሳልቀንስ አቀርበዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ የካንሳስ ሜዳ ነው። ከዳር እስከ ዳር 424 ማይል፣ ዐይን የሚያሳርፍ ኮረብታ የሌለው፣ ስንዴ ብቻ። ደርሶ ስለነበር ኮምባይነሮቹ አቧራ እያስነሡ ያጭዱታል። ባለቤቴ አርሲን አስታወሰች። እኔን ግን በየመንደሩ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሚታዩት የእህል ጎተራዎች በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን የእርዳታ ስንዴ ይመጣበት የነበረውን ጆንያ አሳሰቡኝ። የዚያን ስንዴ አገር በጡረታ ዕድሜዬ በመኪና አቋርጠዋለሁ ብሎ ያኔ የነገረኝ ቢኖር እንደ እብድ እቆጥረው ነበር።

የመንገዳችን ዋናው ጉዳይ ዴንቨር ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት። ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ብታንስም፣ ማታ ማታ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር አገርን ያስታውሳል። በእርሷና በአጎራባቿ በአውሮራ በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከነዚህ አንዱ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ በአንድ ጣቢያ ሰፍረን አንድ ብርድ ልብስ የተጋራን ጓደኛዬ ነው። ከዘመቻ መልስ እሱ ወደ መኢሶን፣ እኔ ወደ ኢሕአፓ አዘነበልን። ከዚያ በኋላ የሆነውን የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። አንዱ "ባንዳ"፣ ሌላው "አናርኪስት" ሲባባል ስንቱ ለጋ ወጣት አለቀ። እኔና እሱ በሱዳን በኩል በየፊናችን ተሰደን፣ አሜሪካ ገብተን፣ አርባ ሰባት ዓመት ሳንነጋገር ኖርን።

ባለቤቱ በስልክ "ኑ፤ ግን ፈጥናችሁ ኑ" ብላን ነበር። የመርሳት በሽታ ይዞታል። ይህ በሽታ ሁለት ቋንቋ የሚናገርን ሰው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ይወስድበታል። እሱም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጀራውን ያበሰለበት እንግሊዝኛ ጥሎት ሄዷል። የልጅ ልጆቹ ደግሞ አማርኛ አያውቁም። በገዛ ቤቱ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው ሆኗል።

ስገባ ብዙ ካየኝ በኋላ በዘመቻው ጊዜ በወጣልኝ ቅጽል ስም ጠራኝ። ስለ በሶው፣ ስለ ቁንጫው፣ ገበሬዎቹን ፊደል ስናስቆጥር ዋርካው ሥር ስለምናቆመው ጥቁር ሰሌዳ አንዲት ሳያዛንፍ ሲያወራ አመሸ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን አንድም አላነሣም። ይርሳው ወይም ይተወው ባለቤቱም አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሁለተኛው ቀን የአሥር ዓመት የልጅ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ አያቱ ምን እያለ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። እየተረጎምሁ ነገርሁት። ልጁ አያቱ ገበሬዎችን ያስተምር እንደነበር የሰማው ያን ዕለት ነው። ስንሰነባበት ጓደኛዬ እጄን ይዞ "ነገ በጠዋት ተነሥ፤ ሰሌዳውን የምትሸከመው አንተ ነህ" አለኝ። "እሺ" አልሁት።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ መንገዱ ተራራ ይወጣል። አይዘንሃወር የሚባለው ዋሻ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አሮጌው ቤታችን ጣርማ በርን እንደሚወጣ የጭነት መኪና እያቃሰተ ወጣው። ዩታ ውስጥ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ባለው 110 ማይል ያህል መንገድ ላይ ደግሞ አንድም ነዳጅ ማደያ የለም። ኮቭ ፎርት ደርሰን በኢንተርስቴት 15 ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ በላስ ቬጋስ አድርገን ሎስ አንጀለስ ገባን። ከተማው ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ መንገድ ላይ አምስት የዱሮ ጓደኞቻችን በአንድ ገበታ ተሰበሰቡልን። አምስቱም እዚያው ከተማ እየኖሩ አንድ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። የተሰበሰቡት እንግዳ መጣ ተብሎ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እየተገናኙ መሆኑን በስልክ ነግረውናል።

በ38 ቀን ውስጥ ደርሶ መልስ 5,800 ማይል ተጓዝን። ለነዳጅ ብቻ ከ2,000 ዶላር በላይ አውጥተናል፤ ይህ መኪና በአንድ ጋሎን ከዘጠኝ ማይል አይዘልምና። መንገዱን ለሚያስቡ ጥቂት ምክር ልጨምር። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ የአረጋውያን መግቢያ ካርድ ያገኛል። በዚህ ካርድ ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ ይገባባቸዋል፤ በብዙዎቹ የመንግሥት ሰፈሮች የአዳር ክፍያም በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ ከተሞች መንገድ ዳር ማደር ስለሚከለክሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ድርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ከተያዘ ስንቅ ሞላ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድና አየር ማቀዝቀዣ ባንድ ጊዜ ከተከፈቱ መብራቱ ይጠፋል። ቡና ደግሞ ውጭ ይቆላ፤ ውስጥ የቆላችው ባለቤቴ የጭስ ደወሉን አስጩሃ ሰፈሩን በሙሉ ቀስቅሳለች። የተነሡት ፈረንጆች ቡናውን ቀምሰው ነው ወደ መኝታቸው የተመለሱት።

አርቪ መግዛት ለሁሉም አይሆንም። አውቶቡስም አለ፤ አውሮፕላንም ለቅሶ ሳይኖር ቀደም ተብሎ ሲገዛ ይረክሳል። የስልክ ማውጫችሁን ክፈቱና ለመጨረሻ ጊዜ በለቅሶ ቤት ያያችኋቸውን ሦስት ሰዎች ስም በወረቀት ጻፉ። ከሦስቱ አንዱ ያኮረፋችሁት ይሁን። ከዚያ ደውላችሁ "ማንም አልሞተም፤ ልጠይቅህ ልመጣ ነው" በሉት። መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ሚስቱን ይጠራል።

እኛ በመጪው ክረምት በሚኒያፖሊስ አድርገን ወደ ሲያትል ለመሄድ አስበናል። በመንገዳችን ላይ ያላችሁ ቡናችሁን አዘጋጁ። ቸር ያገናኘን።