አልዘጋም ያለው ጣሪያ

ሰንሩፍ ባለው መኪና ከኋላ የሚቀመጡ ልጆች ልመናቸው አንድ ነው፤ «አባዬ፣ ክፈትልን!» የእኛ ቤት ልጆችም ከዚህ አይለዩም። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሰማይ ማየት ትወዳለች፤ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ እጁን ማውጣት። አብራን የምትኖረው እናቴ ብርድ አትወድምና «ዝጉልኝ» ትላለች። እንዲህ በክፈቱና በዝጉ መካከል የከረመው ሰንሩፍ ሰኔ ሲገባ አልዘጋም አለ። ስዊቹን ስጫን መስተዋቱ ይመጣል፤ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆም ይልና ወደ ኋላው ይመለሳል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እናቴ በማግስቱ የሐኪም ቀጠሮ አላት፤ መኪናዋ ደግሞ የምታድረው ደጃፋችን ካለው ጥድ ሥር ነው።

የሰፈራችን መካኒክ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ገፍተን እንዝጋውና በሲልከን ግጥም እናድርገው፤ ይገላገሉ» አለኝ። ለአሮጌ መኪና ብዙ ሰው የሚመርጠው መፍትሔ ነው። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማሸጉ ስላልታየኝ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ጎረቤታችንን ጠራሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እርሳቸው ዘንድ ደግሞ ከመፍታት ማዳመጥ ይቀድማል። ሬዲዮውን አስጠፉና «ስዊቹን ተጫንልኝ» ብለው ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው አስጠጉ።

እንደሚከተለውም አስረዱኝ። ስዊቹ ሲጫን ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዝ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ የሚተካው በላዩ በተጻፈው ቁጥር ልክ ነው፤ 15 ከሆነ በ15፣ 20 ከሆነ በ20። ሽቦ ጠምጥሞ ማለፍ እሳት መጋበዝ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ፣ ወደ ሽቦው፣ በመጨረሻም ወደ ዲናሞው ይኬዳል። ዲናሞው እየጮኸ መስተዋቱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ችግሩ የሚጎትተው ገመድ ወይም ጥርሱ ላይ ነው። እንደኛው መጥቶ የሚመለስ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩም ዲናሞው እየሠሩ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን ይመለሳል?» ስላቸው «የሰው እጅ ያገኘ መስሎት ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለው ሰንሩፍ ሲዘጋ አንዳች ነገር ከከለከለው ጣት እንዳይቆርጥ ወደ ኋላ እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሐዲዱ ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻም እንደ እጅ ይቆጠርበታል። በተጨማሪም ባትሪ ሲነቀል አንዳንዱ መኪና መስተዋቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ይረሳል። እኛ ባትሪ የቀየርነው ባለፈው ሳምንት ነበር፤ ሐዲዱም በጥዱ ቅጠልና በአቧራ ተሞልቷል።

ሐዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው። ጎማውን ስለሚጎዳ ቤንዚን አላስነኩኝም። ወፍራም ግራሶም አቧራ ስለሚሰበስብ አልፈለጉትም። ቀጥሎ ሰንሩፉን መዝጊያውን እንደገና ማስተማር ነበረብን። አሠራሩ በየመኪናው ስለሚለያይ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አወጣን፤ የእኛው ስዊቹን ሳይለቁ ተጭኖ መቆየትን ይጠይቃል።

እርሳቸው ግን ስዊቹን ከመንካታቸው በፊት «ልጆቹ ይውረዱ» አሉ። ትንሹ ወንበር ላይ ቆሞ መስተዋቱን ለመንካት እየተንጠራራ ነበር። አልወርድም ብሎ አለቀሰ። «ምን ያደርግብዎታል?» አለች እናቴ። «እማማ፣ ይኼ ነገር እየተማረ ሳለ ጣት አያውቅም፤ ያገኘውን ይዞ ነው የሚዘጋው» አሏት። እናቴ ሌላ ቃል ሳትጨምር ልጁን አቅፋ ወረደች። መስተዋቱ እየተጎተተ ሄዶ ግጥም አለ።

እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እንደ ብልሽት ያየነው ያ መመለስ የልጄን ጣት ይጠብቅ ኖሯል። ያን ሰዓት ግን ጠባቂው ሥራ ላይ አልነበረም። ከተስተካከለ በኋላ ጥቅል ካርቶን አስገብተን ስንሞክረው ተመለሰ። ሆኖም መጽሐፉ መስተዋቱ ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው መከላከያው ላይሠራ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የሕፃን ጣት ደግሞ ቀጭን ነው።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት የውሃውን መውረጃ አሳዩኝ። በጎማው ዙሪያ የሚሰርግ ውሃ በማዕዘኖቹ ካሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ገብቶ ከመኪናው በታች ይወጣል። አንድ ሲኒ ውሃ ቀስ ብለው አፍስሰው ታች መንጠባጠቡን አዩ። ካልወረደ ቱቦው ተደፍኗል፤ በሽቦ መጎርጎር ወይም በኃይለኛ አየር መንፋት ቱቦውን ሊበሳው ወይም ሊያላቅቀው ስለሚችል ለስላሳ የናይለን ክር ይሻላል። ክረምት ላይ ምንጣፋቸው የሚርስ ብዙ መኪኖች ሰበቡ ይኸው ነው። ዲናሞው ቢሞት እንኳ ብዙ መኪኖች ከጣሪያው መብራት አካባቢ በብሩጎላ እየዞረ የሚዘጋ ቦታ አላቸው፤ የእኛው የት እንዳለ ምልክት አደረግንበት።

ቤታችን ሦስት ደንቦች ወጥተዋል። መኪና ውስጥ ልጅ ብቻውን ከቁልፍ ጋር አይቀርም፤ ሞተር ከጠፋም በኋላ ሰንሩፉ ለጥቂት ጊዜ የሚሠራባቸው መኪኖች አሉና። የሠርግ አጀብም ቢሆን በሰንሩፍ ቆሞ መውጣት የለም፤ በድንገት ፍሬን ቢያዝ የቆመን ልጅ የሚይዝ ነገር የለም። ሦስተኛውን ያወጣችው እናቴ ናት። ሰንሩፉ ሊዘጋ ሲል ከኋላ ወንበር «እጅ!» ትላለች። ሁለቱም ልጆች እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ አራቱን እጅ ቆጥራ «ዝጋ» ካላለችኝ ስዊቹን አልነካም።