የመቃው ጠብታ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ሐይቅ ከተማ ስደርስ ገና እየነጋ ነበር። ሐይቁ ይጨሳል። አየሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ውኃው የቀኑን ሙቀት እንደያዘ አድሯል፤ ከላዩ የሚነሣው ተን ብርዱን ሲያገኝ መልሶ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም በጉም ተሸፍኖ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። እግሬ አልነቀል አለኝ።

ልቤን የወሰደው ግን ከከተማው ዳር ያገኘሁት ግቢ ነው። አንዲት እናት አረቄ ያወጣሉ። የጌሾና የብቅል ድፍድፍ የያዘው ገንቦ እሳት ላይ ተጥዷል፤ አፉ በጭቃ ተመርጓል። ከአንገቱ የወጣው መቃ ገንዳ ውስጥ ወደተነከረው መቀበያ ይወርዳል። እማማ በየመሐሉ እጃቸውን ገንዳው ውስጥ ይነክራሉ፤ ውኃው ሲሞቅ ይቀይሩታል።

«ውኃውን ለምን ይቀይሩታል፣ እማማ?»

«ከሞቀማ እንፋሎቱን ምን ይይዘዋል፣ ልጄ!»

እንዴት ያለ መልስ ነው! እዚህ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ዲግሪ የነበረን ውኃ እዚያ ካደረሰው ሙቀት ይልቅ፣ የፈላውን ወደ እንፋሎት የሚለውጠው ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። አልኮል ደግሞ ከውኃ ቀድሞ ስለሚፈላ በእንፋሎቱ ውስጥ ድርሻው ይበዛል። እንፋሎቱ ያን ሁሉ የምድጃ ሙቀት ተሸክሞ በመቃው ይሻገርና ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ፈሳሽ ሆኖ ያራግፈዋል። ገንዳውን የሚያሞቀው ይኸው ሸክም ነው።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ኑሴልት በ1916 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ አሰላው፤ ግድግዳው ላይ የሚፈስሰው ስስ ፈሳሽ ራሱ ሙቀቱን እንደሚያግድ አሳየ። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓናዊው ሺሮ ኑኪያማ ውኃ ውስጥ ሽቦ እያጋለ መፍላትን መረመረ። ግለቱ ልክ ሲያልፍ አረፋዎቹ ይጋጠሙና ሽቦውን በእንፋሎት ይጋርዱታል፤ ውኃው ሊነካው አይችልም። በጣም የጋለ ምጣድ ላይ የወደቀች ጠብታ ቶሎ ሳትተን የምትንከባለለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የኃይል ማመንጫ መሐንዲሶች ዛሬም የሚደክሙበትን ነገር ድፍድፍ በሚሸትት ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ አየሁት።

ጠብታዋ እየዘገየች መጣች። እማማ እጃቸውን ነከሩ፤ ልጃቸውን ጠሩ። ለብ ያለው ተደፍቶ ከእንስራው ቀዝቃዛ ውኃ ተገለበጠ። ጠብ... ጠብ... ጠብ ጠብ ጠብ።